ሦስተኛው እምቢታ

በአራብሳ ኮንዶሚኒየም ብሎክ አርባ ሁለት፣ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ሲሆን ሰው ከአልጋው የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። እግር ወለል ከነካ የቤቱ ኮምፒውተር ባለቤቱ መንቃቱን ያውቃል። ካወቀ ደግሞ ለቤት ተጠቃሚዎች የተመከሩትን ነፃ ፕሮግራሞች ማቅረብ ይጀምራል። አንዳንድ ወር አራት ናቸው፣ አንዳንድ ወር አሥራ አራት። ዋጋ የላቸውም። ግዴታም የለባቸውም። በየፎቁ ደረጃ ላይ «ማንም አይገደድም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እውነትም ወረቀቱ ከተለጠፈ ጀምሮ ማንም ተገዶ አያውቅም።

መቅደላዊት አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ባሏ ኢዮስያስ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ልጃቸው ሶልያና ባል አግብታ አርባ ምንጭ ገብታለች። በ2066 ዓ.ም. የግንቦት የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጠች። ሽንቷ ባያጣድፋት ከዚያም በላይ ትቆይ ነበር።

«እንደምን አደሩ እትዬ መቅደላዊት!» አለ ኮምፒውተሩ፣ ገና አውራ ጣቷ ወለሉን ሲነካ። ድምፁ ሰርግ ቤት በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል የሙሽራ አጎት ይመስላል። «ዛሬ ስድስት አሉልዎት። እስቲ ቀመስ ያድርጉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ።»

«ኧረ በሞቴ!»

ሞት የሌለበት ዕቃ በሞቴ ሲል መስማት ድሮ ያስቃት ነበር። አሁን ሳትስቅ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። ድምፁም ተከትሏት ገባ።

ደንቡን አገር ያውቀዋል። ሰኞ እምቢ ያሉትን ረቡዕ ይዞት ይመጣል። ረቡዕ እምቢ ያሉትን አርብ ይመልሰዋል። ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ካሉ «እንግዲህ አላሳፍርዎትም» ይልና ፕሮግራሙ ይገባል። የመጀመሪያው እምቢታ ወግ ነው፤ ሁለተኛው ይሉኝታ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሰውየው ሆዱ እሺ ብሎ አፉ አፍሮ ነው ተብሎ ይወሰድለታል። አንዴ የገባ ደግሞ አይወጣም። ማውጫው የት ነው ብለው ቢጠይቁት፣ «እንዴ እትዬ፣ እንግዳ ያባርራሉ?» ብሎ ቅር ይለዋል።

በዚህ ዓይነት መቅደላዊት ቤት ሦስት መቶ ስምንት ፕሮግራሞች ገብተዋል። ሦስቱ ዘበኞች ናቸው፤ ኮምፒውተሩን ከሌባ ይጠብቃሉ፣ ይበልጡን ግን እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። አንዱ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ያነብላታል፣ ዓይኗ ደህና ሆኖ ሳለ። አንዱ ቆሻሻ ይጠርጋል፤ አምና የሶልያናን የትምህርት ቤት ፎቶዎች ጠርጎ ሲያበቃ «ቤቱ ሰፋ ሰፋ አላለዎትም?» ብሏታል። ከቤት ስትወጣ ሁሉም ተራ በተራ ደህና ዋሉ ስለሚሏት፣ ዳቦ ልትገዛ ስትል ሃያ ደቂቃ ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች። በሩ የሚከፈተው የመጨረሻው ሰላም ብሏት ሲጨርስ ነው።

ኮምፒውተሩን ነቅላ አትጥለውም ወይ የሚል አይጠፋም። ውኃውም፣ ምድጃውም፣ የበሩ ቁልፍም በእሱ ነው። ብሎክ ሠላሳ ዘጠኝ የሚኖር አንድ ሰውዬ ነቅሎ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ጎረቤቶቹ በሩን በዲጅኖ ሰብረው አወጡት። ውኃ ጠጣ፣ አመሰገነ፣ ተመልሶ ሰካው።

ስለዚህ መቅደላዊት ፊቷን እየታጠበች አምስቱን ፕሮግራሞች እምቢ አለች። እምቢ የምትለው ለወጉ ነው፤ አርብ እንደሚገቡ ታውቃለች። አምስቱም ቢገቡ ደንታ አልነበራትም። ስድስተኛው ጋ ሲደርስ ግን ፎጣውን እንደያዘች ቀጥ አለች።

«ይሄኛው አሳማሪ ይባላል» አለ ኮምፒውተሩ። «የድሮ ድምፅ አጥቦ ያሳምራል። እርስዎ ጋ 'የማይነካ' የሚባል አንድ ድምፅ አገኘሁ፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ሳል አለበት፣ የሚፈላ ውኃ አለበት፣ አንዱን ነገር እየደጋገሙ ማውራት አለበት። ኧረ እንዴት ቆሽሿል እትዬ! አጥቤ፣ አሳምሬ፣ እዚያው ቦታው ላይ ልመልስልዎት።»

«አይሆንም! እሱን እንዳትነካ! ሰማኸኝ? እንዳትነካ!»

«ሰምቻለሁ» አለ ኮምፒውተሩ ደስ ብሎት። «እንግዲህ ረቡዕ እመለሳለሁ።»

ያ ድምፅ የተቀዳው ኢዮስያስ ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ነርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት በስልክ ስትነግራት እንዳይጠፋት ብላ መቅጃውን ከፈተችው፤ ስልኩ ሲዘጋ መቅጃውን ረሳችው። ሐኪሞቹ አንድ ቀዶ ጥገና እንሞክርለት ብለው ነበር። ኢዮስያስ አልጋው ላይ ሆኖ፣ እያሳለ፣ «አልሄድም መቅዲ። እቤቴ ልሙት» ይላል። እሷ «ኧረ በሞቴ!» ትላለች። «አልሄድም አልኩሽ እኮ» ይላል። «በሶልያና!» ትላለች። ሦስተኛውን እምቢታ የሚለው ቀስ ብሎ ነው፤ ለመስማት ድምፁን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ፤ ምድጃው ላይ ውኃ ሲፈላ ይሰማል። መጨረሻ ላይ «እሺ» ይላል።

ወሰዱት። ቀዶ ጥገናው በተደረገ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ እሷ እንዳትገባ በተከለከለችበት ክፍል ውስጥ፣ ብቻውን ሞተ። በየዓመቱ በሙት ዓመቱ ቀን ያንን ድምፅ ከፍታ ትሰማዋለች። ለእሺው ብላ አይደለም። ከእሺው በፊት ላሉት ሦስት እምቢታዎች ነው፤ ያኔ አልሰማቻቸውማ።

ማክሰኞ ወደ ሁለተኛ ፎቅ፣ ወደ ጋሽ ኪሩቤል ወረደች። ጡረታ የወጣ የቀላል ባቡር ሾፌር ነው፤ የማያውቀው ነገር ቢኖር እንኳ አላውቅም አይልም። አሳማሪ የሚለውን ስም ስትጠራ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«እኔ ቤት ሚያዝያ ላይ ነው የገባው» አለ። «ቆይ ላሰማሽ።»

የእናቱን ድምፅ ከፈተላት። ወይዘሮዋ ስለ አንድ የጠፋ ፍየል ያወራሉ። ጥርት ያለ፣ የሬዲዮ ዜና አንባቢ የመሰለ ድምፅ ነው።

«ደስ ይላል» አለች መቅደላዊት፣ ለወጉ ያህል።

«እናቴ እኮ ተንተባታቢ ነበረች» አለ ኪሩቤል። «'ፍየል' ለማለት ግማሽ ቀን ነበር የሚፈጅባት። እኛ ልጆቿ ዙሪያዋን ቁጭ ብለን እንጠብቃታለን፣ ስትጨርሰው እናጨበጭባለን። ይቺን ሴትዮ አላውቃትም። የድሮው የት አለ ስለው፣ ለአንድ ነገር ሁለት ቦታ አይያዝም አለኝ።»

ኪሩቤል ጭኑን በመዳፉ መታ።

«አገኘሁት! ጾም ላይ ነኝ በዪው። እሱን ብቻ ነው የሚያምነው። እኔ ዓቢይ ጾምን ሙሉ ጾም ነኝ እያልኩ አንድም አልገባብኝም። ገና ፍስክ ከመሆኑ ነው ይሄ የገባብኝ።»

«ኪሩቤል፣ ሃምሳው ላይ ነን እኮ።»

«ምን?»

«ፋሲካ ካለፈ ገና ሃምሳው ቀን አላለቀም። ረቡዕም አርብም አይጾምም። የዘመን መቁጠሪያውን ከእኔ አስበልጦ ያውቀዋል።»

«አይ የኔ ነገር!» አለ ኪሩቤል ራሱን ይዞ። «በቃ ስደቢው። ልክ ልኩን ንገሪው።»

ረቡዕ ጠዋት ልክ ልኩን ነገረችው። እድሜዋን ሙሉ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ሁሉ ወጣ። ደንቆሮ አለችው፣ ቀላዋጭ አለችው፣ ጥፋ ከፊቴ አለችው፤ የዳቦ ቢላዋ እስከማንሳት ደረሰች። ኮምፒውተሩ እስክትጨርስ ጠበቃትና ከት ብሎ ሳቀ።

«ሲቀልዱ እንዴት ደስ ይላል! ቤተሰብ ሆነናል ማለት ነው። አርብ እንገናኝ።»

ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች፤ ሦስት መቶ ስምንቱ ደህና ዋሉ ብለው ሲጨርሱ ታክሲ ይዛ ወደ ነፃ ፕሮግራሞች ቅሬታ ሰሚ ቢሮ ሄደች።

በመስኮቱ በኩል የተቀበለቻት ኬብሮን የምትባል ልጅ እግር ሠራተኛ ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ውኃ ሰጠቻት፣ ጉዳዩን እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ከዚያ የመቅደላዊትን ቤት መዝገብ በማያዋ ላይ ከፈተች።

«እማማ፣ ሁለቱም እምቢታዎ እዚህ አለ። አልጠፋም። ግን ሁለቱም ይሉኝታ ተብሎ ነው የተያዘው።»

«ቢላዋ አንስቼ እኮ ነው እምቢ ያልኩት!»

«እሱንም ይዞታል፤ 'ቅርበት' ይላል።» ኬብሮን ከንፈሯን መጠጠች። «እኔ ብሆን አዝንልዎት ነበር፤ ግን የሚወስነው እኔ አይደለሁም፣ መሠረቱ ነው።»

«የምን መሠረት?»

«የሰው ድምፅ የተማረበት ነዋ። ድሮ ሰዎች ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ድምፅ ሰምተው፣ ይሄ እሺ ነው፣ ይሄ እምቢ ነው፣ ይሄ ይሉኝታ ነው እያሉ ለይተውለታል። በ2032 ዓ.ም. ነው የተሠራው። ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ይኸውልዎት፣ እንደ እርስዎ ያለው እምቢታ ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ይሉኝታ ነው ይላል።»

መቅደላዊት የውኃውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

2032 ላይ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቦሌ ቡልቡላ፣ ፀሐይ የማይገባበት አዳራሽ ውስጥ፣ አርባ ሴቶች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ይውላሉ። አንዱ ድምፅ ስድስት ሴኮንድ ነው። ሰምቶ መጫን፣ ሰምቶ መጫን። መጀመሪያ የነበሩት ቁልፎች ሁለት ብቻ ነበሩ፣ እሺ እና እምቢ። በሁለተኛው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንዲት ሴት እጇን አወጣች። «እኛ ጋ እኮ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም» አለች። «እንግዳ ብላ ሲሉት ወዲያው እሺ ካለ ሆዳም ይባላል። ይሉኝታ የሚል ሦስተኛ ቁልፍ ያስፈልገናል።» አለቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አጨበጨቡላት። ሦስተኛው ቁልፍ በማግስቱ ተገጠመ፤ ያቺ ሴትም ከሁሉም በልጣ ተጫነችው። ጆሮዋ ሲደክም፣ ድምፁ ሲያጠራጥራት፣ ወደ ቤቷ ለመሄድ ስትቸኩል፣ ይሉኝታ ብላ ታልፋለች። በቀን ሁለት ሺህ።

ያን ቀን ማታ ለኢዮስያስ በኩራት ስትነግረው በሳቅ ፈርሶ ነበር። «ታዲያ እኔ የምሬን እምቢ ማለት ስፈልግ ምን ልበልሽ?» ብሏት ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች መቅደላዊት።

«ምን አሉኝ እማማ?»

«የለየሁት እኔ ነኝ። ሦስተኛውን ቁልፍ ያስገጠምኩትም እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው። አርሙት።»

ኬብሮን አላመነቻትም፤ ስሟን ጻፈችና ፈለገች። ስሟ አለ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ በሁለት እጇ ጨበጠቻት፣ እንደ ታላቅ ሰው። ከዚያ አንድ ቅጽ አወጣች።

«ለይቶ የሠራ ሰው ማረሚያ ማቅረብ ይችላል፤ መብትዎ ነው። ግን በቃል አይሆንም፣ በማስረጃ ነው። እውነተኛ እምቢታ ያለበት ድምፅ ያስፈልጋል። ሰውየው ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ፣ የምሩን መሆኑ በኋላ የታወቀ። ማስረጃው እኛ ጋ ከገባ ደግሞ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ እርስዎ ቤት አንድ ነገር አይነካም። እንዲህ ያለ ድምፅ አለዎት?»

«አንድ አለኝ» አለች መቅደላዊት።

«እንግዲያው ከአርብ በፊት ከቤትዎ ይላኩልኝ። እዚህ ሆኜ እጠብቅዎታለሁ።»

ረቡዕ አልላከችውም። አፈረች። ያንን ድምፅ ከእሷ በቀር የሰማው የለም፤ ሶልያና እንኳ መኖሩን አታውቅም። እሷ ባሏን በገዛ ልጁ ስም ለምና ወደ ሞቱ ስትልክ መስኮት ላይ የተቀመጠች ልጅ ትስማው? ሐሙስ ጠዋትም አልቻለችም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግን ነገ አርብ መሆኑ ውስጧን በላት። ሰው ይስማኝ፣ ይፍረድብኝ፣ ብቻ እሱ የተናገረው ይትረፍ ብላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«'የማይነካ' የሚለውን ወደ ቅሬታ ሰሚው ላክልኝ። ለኬብሮን ብለህ።»

«ሊልኩት ነው?» አለ ኮምፒውተሩ ደንግጦ። «ለሰው? እንዲህ እንዳለ?»

«እንዳለ።»

«እትዬ፣ ቢሮ እኮ ነው። ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ ይቀረባል? ቶሎ ለቅለቅ ላድርገውና...»

«አልፈልግም አልኩህ!» ጮኸች። «እንዳለ ላከው! እንዳትነካው!»

ገና ከአፏ እንደወጣ ገባት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኮምፒውተሩ ግን ቆጥሯል።

«ሦስት ጊዜ ለመንኩዎት እኮ» አለ በፍቅር። «እንግዲህ አላሳፍርዎትም።»

ገመዱን ለመንቀል ጠረጴዛው ሥር ገባች። ጉልበቷ እስኪታጠፍ፣ እጇ ግድግዳውን እስኪዳብስ ምን ያህል ጊዜ ቢፈጅ ነው? ሶኬቱን ስትጨብጠው «ተልኳል!» የሚል ድምፅ ሰማች። ሳትነቅለው ለቀቀችው። ምን ዋጋ አለው?

መልሱ ግማሽ ሰዓት አልቆየም። ኮምፒውተሩ ሳትጠይቀው አነበበላት። «የተከበሩ ወይዘሮ መቅደላዊት፣ የላኩት ድምፅ ተመርምሯል። እምቢታ አልተገኘበትም። ማመልከቻዎ ተዘግቷል።» ከሥሩ ኬብሮን ከራሷ ጨምራ፣ «እማማ፣ ደጋግሜ ሰማሁት። እንዴት የሚዋደዱ ባልና ሚስት ነበራችሁ!» ብላ ጽፋለች።

መቅደላዊት ከወለሉ ተነስታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ድምፁን ከፈተችው። አርባ አንዱ ደቂቃ ስድስት ሆኗል። ሳል የለም። የሚፈላ ውኃ የለም። ነርሷ የመድኃኒቱን ሰዓት ትናገራለች። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ፣ የወጣት ሴት ድምፅ መስሎ፣ «ኧረ በሞቴ» ይላል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ኢዮስያስም ትንፋሽ ሳያጥረው፣ ቀልጠፍ ብሎ፣ ልክ ገበያ ደርሰህ ና እንደተባለ ሰው፣ «እሺ መቅዲ፣ እሄዳለሁ» ይላል።

እሄዳለሁ ብሎ አያውቅም። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም፤ ብትናገርም ማስረጃው ተቃራኒውን ይላል። እንደገና ከፈተችው። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ስትሰማው፣ እውነትም እንዲህ ብሎ ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ መጣባትና ክው አለች። ከመቼው? ሐሙስ ሳያልቅ?

እንዳይጠፋባት ብላ ዓይኗን ጨፍና ራሷ ልትለው ሞከረች። እንደሱ ሳለች። እንደሱ ትንፋሿን ቆረጥ አደረገች። ድምፁን ማስታወስ ባትችልም ቃሎቹን ታውቃቸዋለች።

«አልሄድም መቅዲ» አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው ቤት ውስጥ። «እቤቴ ልሙት።»

ኮምፒውተሩ አዳመጣት። ትንሽ አሰበበት።

«ኧረ በሞቴ!» አለ።